የኩዌት የዕንቁ ፍለጋ ጉዞ፦ የአባቶች ሥራ፣ የልጆች ሥልጠና

ወንዝ በሞላባቸው አገሮች ወጣቶች ልምድ ባለው መሪ እየተመሩ በታንኳ ለቀናት መቅዘፍ፣ ሲመሽም ዳርቻ ላይ ድንኳን ተክለው ማደር የታወቀ የሥልጠናና የመዝናኛ ዓይነት ነው። ኩዌት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ለኩዌታውያን የወንዙን ቦታ የያዘው ባሕሩ ነው። በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጁላይ ወይም በኦገስት፣ ወጣቶች በእንጨት መርከቦች ተሳፍረው ከሳልሚያ ዳርቻ ወደ ደቡብ ይጓዛሉ፤ አባቶቻቸውና አያቶቻቸው ይሠሩት የነበረውንም የዕንቁ ፍለጋ ሥራ በቦታው ይማራሉ። ጉዞውን የሚያዘጋጀው በሳልሚያ የሚገኘው የኩዌት የባሕር ስፖርት ክበብ ሲሆን፣ የአገሪቱ አሚር የበላይ ጠባቂነትም አለው።

በኩዌት የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ይህን ጉዞ የሚያውቁት በቴሌቪዥን በሚተላለፈው የመነሻና የመመለሻ ሥነ ሥርዓት ነው። ነጭ ሸራ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባና የሚጠብቁ ቤተሰቦች ይታያሉ። ከሥነ ሥርዓቱ በስተጀርባ ግን የአንድ አገር ሕዝብ ለሁለት ምዕተ ዓመታት ያህል እንጀራውን ያገኘበት፣ ብዙዎችም ጤናቸውንና ሕይወታቸውን የከፈሉበት ሥራ አለ። ሰዎች ቤተሰባቸውን ትተው ለወራት የሚርቁበት፣ ገና ሳይሠሩ በብድር የሚታሰሩበትና ድርሻቸውን በመዝገብ የሚጠብቁበት ሥራ ስለነበረ፣ ታሪኩ ከአገሩ ርቆ ለሚሠራ ሰው ሁሉ ቅርብ ነው።

በዕንቁ የኖረች ከተማ

ኩዌት ከተማ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግድም ከመካከለኛው ዓረቢያ በፈለሱ፣ ኡቱብ ተብለው በሚጠሩ ቤተሰቦች ተመሠረተች። የሰፈሩበት ምድር ለእርሻ የሚመች አልነበረም። ንጹሕ ውኃም እምብዛም ስለማይገኝ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የመጠጥ ውኃ ከሻት አል-ዓረብ ወንዝ በመርከብ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ለነዋሪዎቹ የተሰጣቸው ሀብት ከነፋስና ከማዕበል የተጠበቀው የኩዌት ባሕረ ሰላጤ ነበር። በዚህም ምክንያት መርከብ መሥራት፣ በመርከብ መነገድ፣ ዓሣ ማጥመድና ዕንቁ መፈለግ የከተማዋ ዋና ዋና መተዳደሪያዎች ሆኑ።

ዓመቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በቀዝቃዛው ወቅት ቡም የሚባሉት ትላልቅ መርከቦች የባስራን ተምር ጭነው ወደ ሕንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም የመርከብና የቤት መሥሪያ እንጨት፣ ቅመማ ቅመምና ሩዝ ይዘው ይመጣሉ። ባሕሩ ሲሞቅና ነፋሱ ሲረጋ ደግሞ የዕንቁ ወቅት ይከፈታል። ዋናው የፍለጋ ወቅት ከግንቦት ወይም ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ አራት ወር ያህል የሚቆይ ነበር።

ዕንቁ፣ በጥንቱ አማርኛ ሉል፣ በባሕር ወለል ላይ በሚኖር ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ ይፈጠራል። ባዕድ ነገር ወደ ዛጎሉ ሲገባ ውስጡ ያለው እንስሳ በሚያብረቀርቅ ንጥረ ነገር ደጋግሞ ይሸፍነዋል፤ ሽፋኑም በሽፋን ላይ እየተደረበ ዕንቁ ይሆናል። እነዚህ ዛጎሎች በዓረቢያ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጎን፣ ውኃው ብዙ በማይጠልቅባቸው ሰፋፊ ስፍራዎች ተሰባስበው ይገኛሉ። የኩዌት መርከቦች በአቅራቢያቸው ባሉት ብቻ ሳይወሰኑ እስከ ሳዑዲ ዓረቢያና እስከ ባሕሬን ውኃ ድረስ ይጓዙ ነበር።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከኩዌት በየዓመቱ የሚወጡት መርከቦች በመቶዎች፣ ባሕረኞቹም በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሁሉ የላቀው የምርት ዓመት እ.ኤ.አ. 1912 ሲሆን፣ ኩዌታውያን እስከ ዛሬ «የመትረፍረፍ ዓመት» እያሉ ያስታውሱታል። የሚገኘውን ዕንቁ «ጠዋሽ» የሚባሉ ነጋዴዎች ከመርከቦቹ እየገዙ በተለያየ ቀዳዳ መጠን በተሠሩ የመዳብ ወንፊቶች ይለዩታል። ትልቁና እንከን የሌለው ዕንቁ «ዳና» ይባላል። ከዚያም አብዛኛው ወደ ሕንድ፣ ወደ ቦምቤይ ገበያ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ጌጥ ሠሪዎች ይሻገራል።

በመርከቡ ላይ የነበረው የሥራ ክፍፍል

የዕንቁ መርከብ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። የመርከቡ አዛዥ «ኖኸዛ» ይባላል። የት እንደሚጠለቅ፣ መቼ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እንደሚሄድ የሚወስነው፣ ሠራተኛውን የሚቀጥረውና ሒሳቡን የሚይዘው እርሱ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ «ሙጀዲሚ» የሚባል የሠራተኞች አለቃ አለ።

የሥራው ሁሉ ማዕከል ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ «ገይስ» የሚባለው ጠላቂና «ሰይብ» የሚባለው ገመድ ሳቢ። ጠላቂው ወደ ባሕሩ ወለል ሲወርድ ሳቢው ገመዱን በእጁ ይዞ ከላይ ይጠብቃል። ጠላቂው ትንፋሹ ሲያጥር ገመዱን ይነቀንቃል፤ ሳቢውም ያለ አንዳች መዘግየት ጎትቶ ያወጣዋል። ሳቢው ለአፍታ ቢዘናጋ፣ ወይም ጉልበቱ ቢዝል፣ ታች ያለው ሰው በሕይወት አይወጣም። ስለዚህ ጠላቂዎች ሳቢያቸውን ይመርጡ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሥጋ ዘመድ ወይም ለዓመታት የሚያውቁት ሰው ይሆናል።

ከእነዚህ ሌላ «ረዲፍ» የሚባሉ ሳቢውን የሚያግዙ ወጣቶችና «ተባብ» የሚባሉ ሥራውን ለመልመድ የሚሳፈሩ ልጆች ነበሩ። ልጆቹ ቡናና ውኃ ያቀርባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ማብሰያውን ያግዛሉ። የዛሬው ጉዞ ወጣቶችን የሚያሠለጥነው ይህንኑ መሰላል ተከትሎ ነው፤ ማንም ከመርከቡ ሥራ ሳይጀምር ጠላቂ ወይም አዛዥ አይሆንም።

በመርከቦቹ ላይ የተሰባሰቡት ሰዎች ከአንድ ወገን ብቻ የመጡ አልነበሩም። የከተማው ነዋሪዎች፣ ለወቅቱ ከበረሃ የሚመጡ ዘላኖችና ከፋርስ ጠረፍ የተሻገሩ ሰዎች አብረው ይሠሩ ነበር። በባሕረ ሰላጤው የዕንቁ መርከቦች ላይ ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸውም ተሰማርተዋል። በዚያ ዘመን ወደ ባሕረ ሰላጤው በባርነት ከተጋዙት መካከል ከኢትዮጵያ ምድር የተወሰዱም ነበሩ። ዕንቁ መፈለግ ለቀይ ባሕር ሰዎችም እንግዳ ሥራ አይደለም፤ በምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ለረጅም ዘመን ሲሠራ ኖሯል።

የጠላቂው መሣሪያና የዕለት ውሎ

የጠላቂው መሣሪያ ጥቂትና ቀላል ነበር። «ፊጣም» ከኤሊ ቅርፊት ወይም ከቀንድ የሚሠራ የአፍንጫ መቆንጠጫ ሲሆን፣ ውኃ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ ያግዳል። «ኸበጥ» ጣቶችን ከስለታም ዛጎል የሚጠብቅ የቆዳ መሸፈኛ ነው። «ደዪን» ዛጎሉ የሚሰበሰብበት፣ በአንገት ላይ የሚንጠለጠል የገመድ መረብ ነው። «ዘይበል» ደግሞ ክብደት የታሰረበት ገመድ ሲሆን፣ ጠላቂው እግሩን ከክብደቱ ላይ አሳርፎ በፍጥነት ወደ ታች ይወርድበታል። ወለሉ ላይ ሲደርስ እግሩን ያነሣል፤ ክብደቱ ወደ መርከቡ ይመለሳል፤ እርሱም ዛጎል ይለቅማል። የአየር ቱቦም ሆነ የመተንፈሻ መሣሪያ አልነበረም።

አንድ ጠላቂ ውኃ ውስጥ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ያህል፣ ብርቱው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። ከወጣ በኋላ ገመዱን ይዞ ውኃው ላይ ትንሽ ካረፈ በኋላ ተመልሶ ይጠልቃል። በአንድ ቀን በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ይወርድና ይወጣ ነበር። ሥራው ፀሐይ ስትወጣ ይጀመራል፣ ስትጠልቅ ያበቃል። ሆዱ የሞላ ሰው ትንፋሹን መያዝ ስለሚከብደው ጠላቂው ጠዋት ጥቂት ተምርና ቡና ብቻ ቀምሶ ይውላል። ዋናው ምግብ፣ ሩዝና ዓሣ፣ የሚበላው ማታ ነው።

የዕለቱ ዛጎል ወዲያው አይከፈትም። ሌሊቱን በመርከቡ ወለል ላይ ተከምሮ ያድርና በማግስቱ ማለዳ ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው በቢላዋ ይከፍቱታል። ዕንቁ የሚገኘው ከብዙ ዛጎል በጥቂቱ ብቻ ነው። አዛዡ በቅርብ ሆኖ ይመለከታል፤ የተገኘውም በእርሱ እጅ ይጠበቃል።

ጉዳቱ ብዙ ነበር። የውኃው ግፊት የጆሮን ታምቡር ይቀዳል፤ ጨዉ ዓይንንና ቆዳን ያቆስላል። ሻርክ ያስፈራል። በወቅቱ አጋማሽ ተናዳፊና እንደ ሙጫ የለሰለሱ የባሕር እንስሳት ሲበዙ ጠላቂዎቹ መላ ሰውነታቸውን በሚሸፍን ነጭ የጥጥ ልብስ ይወርዳሉ። የመጠጥ ውኃ በእንጨት ገንዳ ተይዞ በልክ ይታደላል። በባሕሬን አቅራቢያ ግን ከባሕሩ ወለል የሚፈልቅ ንጹሕ ውኃ ስላለ፣ ባሕረኞች ጠልቀው በአቁማዳ እየቀዱ ይጠጡ ነበር።

የመርከቡ ዜማ

በዕንቁ መርከብ ላይ ዜማ የሥራው አካል ነበር። «ነሃም» የሚባለው አውጪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወጣል፤ ሌሎቹ ተቀባዮች ሆነው በጉሮሯቸው ጥልቅ ድምፅ ይመልሳሉ። መልህቅ ሲሳብ፣ ሸራ ሲሰቀል፣ መቅዘፊያ ሲነሣ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ዜማ አለው። ከባድ መልህቅ ሃያ ሰው እኩል ሊስበው የሚችለው ሃያውም በአንድ ምት ሲጎትቱ ነው፤ ያንን ምት የሚሰጠውም አውጪው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን አባባል በዚህ መርከብ ላይ በዜማ ይፈጸም ነበር ማለት ይቻላል። በእርሻ ወቅት በደቦ ሲሠራ የሚዜመውን የሚያውቅ ሰውም ነገሩ አይጠፋውም። አንድ ጥሩ ነሃም ለመርከቡ ስለሚያመጣው ብርታት አዛዦች ይሻሙበት ነበር።

ይህ የባሕረኞች የዜማ ባህል በመላው ባሕረ ሰላጤ የሚገኝ ነው። ከዘርፎቹ አንዱ የሆነው «ፊጅሪ» በባሕሬን አቅራቢነት እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የባሕሬን የዕንቁ ፍለጋ ስፍራዎችም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን የሸኙ ሴቶችም የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። አራቱ ወራት ወደ ማለቂያቸው ሲቃረቡ ወደ ባሕሩ ዳር ወርደው፣ የሚነድ የዘንባባ ዝንጣፊ ውኃው ውስጥ እየነከሩ፣ ባሕሩ ሰዎቻቸውን እንዲመልስላቸው በዜማ ይማጸናሉ፤ ይገሥጹታልም። በዚያ ዘመን ከመርከብ ደብዳቤ የሚላክበት መንገድ ስላልነበረ ማን በሕይወት እንዳለ የሚታወቀው መርከቦቹ ሲመለሱ ብቻ ነበር። በኩዌታዊው የፊልም ሥራ አዘጋጅ ኻሊድ አል-ሲዲቅ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «በስ ያ ባሕር» የተሰኘው ፊልም የዚህን ዘመን ሕይወትና ኀዘን ያሳያል።

ብድሩና ድርሻው

የዕንቁ ጠላቂ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚያገኘው ድርሻ ነበር። ወቅቱ አልቆ ዕንቁው ሲሸጥ አስቀድሞ የምግብና የመርከብ ወጪ ይቀነሳል፤ የመርከቡም ድርሻ ይነሣል። የቀረው ለሠራተኞቹ ይከፋፈላል። በተለመደው አሠራር ጠላቂው ሦስት እጅ፣ ሳቢው ሁለት እጅ፣ ረዳቱ አንድ እጅ ያገኛሉ። ለመልመድ የወጡት ልጆች ድርሻ የላቸውም፤ እንደ አዛዡ ቸርነት ጥቂት ስጦታ ይሰጣቸዋል።

ይሁን እንጂ ጠላቂው አራት ወር ሲርቅ ቤተሰቡ የሚበላው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጉዞው ሳይጀመር አዛዡ «ሰለፍ» የሚባል ቅድሚያ ብድር ይሰጠዋል። አዛዡ ራሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያበድረው ከነጋዴ ተበድሮ ነው። በዚህ መንገድ ከነጋዴው እስከ ጠላቂው የተዘረጋ የዕዳ ሰንሰለት ይፈጠራል። ምርቱ ከቀና ጠላቂው ብድሩን ከፍሎ ጥቂት ይተርፈዋል። ካልቀና ግን ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ እርሱም ለመክፈል በዚያው መርከብ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ወደ ሌላ አዛዥ መሄድ ቢፈልግ የዕዳውን ሁኔታ የሚገልጽ «በርዋ» የተባለ ወረቀት መያዝ ይኖርበታል።

ችግሩን የሚያከብደው አብዛኞቹ ጠላቂዎች ማንበብና መጻፍ አለመቻላቸው ነበር። መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ምን ያህል እንደተበደሩ፣ ዕንቁው በስንት እንደተሸጠ የሚያውቁት ከተነገራቸው ብቻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አንዳንድ ስፍራዎች አባት ሲሞት ዕዳው ለልጁ የሚተላለፍበት ልማድም ነበር። በገመድ ሳቢውና በጠላቂው መካከል የነበረው መተማመን የሥርዓቱ ብርቱ ጎን ከሆነ፣ ጠላቂው ሊያነበው የማይችለው መዝገብ ደካማ ጎኑ ነበር።

ይህን ለማረም የተሞከረባቸው ዓመታት አሉ። በባሕሬን በ1920ዎቹ የተደረገው ማሻሻያ እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ የሒሳብ ደብተር እንዲኖረው አዘዘ። በኩዌትም በሼክ አሕመድ አል-ጃቢር አል-ሳባሕ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ የጠላቂዎች ሕግ በጽሑፍ ወጣ። ሕጉ የመርከብ አዛዡንና የባሕረኞቹን ግዴታ፣ የብድሩንና የሒሳቡን አሠራር፣ ክርክር ሲነሣም የሚዳኝበትን መንገድ ይደነግጋል። ቀድሞ በልማድ ብቻ ይመራ የነበረው ግንኙነት በጽሑፍ መስፈሩ በአገሪቱ የሥራ ሕግ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ነው።

ዛሬ በኩዌት ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ሠራተኞችን የሚመለከተው ሕግ ቁጥር 68፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ሥራው በጽሑፍ ውል እንዲመራ፣ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛው የሳምንት ዕረፍትና በዓመት የ30 ቀን ዕረፍት ከክፍያ ጋር እንዲኖረው ያዝዛል። የውሉን ቅጂ በእጅ መያዝና የተከፈለውን በጽሑፍ ማስፈር ለምን እንደሚጠቅም የጠላቂዎቹ ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው።

ሥራው እንዴት አበቃ

የዕንቁ ዘመን ማብቂያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተከታተሉ ሦስት ነገሮች ውጤት ነው። የመጀመሪያው ከጃፓን መጣ። ሚኪሞቶ ኮኪቺ እ.ኤ.አ. በ1893 ዛጎል ውስጥ ባዕድ ነገር በማስገባት ዕንቁ ማምረት እንደሚቻል አሳየ። በ1920ዎቹ ይህ በሰው ክትትል የሚመረት ዕንቁ የዓለምን ገበያ አጥለቀለቀ፤ ዋጋውም ወደቀ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ጌጥ የሚገዙ ሰዎች ቁጥር ተመናመነ። ሦስተኛው ነዳጅ ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 በቡርጋን ነዳጅ ተገኘ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያው ጭነት ወደ ውጭ ተላከ። ቋሚ ደመወዝ የሚከፍል ሥራ በየብስ ላይ ሲገኝ፣ ወደ ባሕር የሚወጣው ሰው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄደ።

ያ ዘመን ከማለቁ በፊት የነበረውን የመጨረሻ ገጽታ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ካስቀሩት ሰዎች አንዱ አውስትራሊያዊው ባሕረኛና ደራሲ አለን ቪሊየርስ ነው። ቪሊየርስ እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 በኩዌታዊው ኖኸዛ ዓሊ ቢን ናስር አል-ነጅዲ መርከብ ተሳፍሮ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ተጉዟል፤ የዕንቁ ጠላቂዎችንም ሥራ በቅርብ ተመልክቷል።

ዳግም የተጀመረው ጉዞ

ከአርባ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በሥራው ላይ የነበሩት ሰዎች ሲያረጁና ሲያልፉ፣ እውቀቱ አብሯቸው እንዳይቀበር አስፈራ። ገመድ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ሸራ እንዴት እንደሚሰቀል፣ የትኛው ዜማ ለየትኛው ሥራ እንደሚወጣ የሚማረው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅና በጆሮ ነው። ስለዚህ የባሕር ስፖርት ክበቡ እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያውን የመታሰቢያ ጉዞ አዘጋጀ። ያኔ የአገሪቱ አሚር የነበሩት ሼክ ጃቢር አል-አሕመድ አል-ሳባሕም በጥንቱ አሠራር የተሠሩ መርከቦችን በስጦታ ሰጡ። ጉዞው እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1990 እስከ ፌብሩዋሪ 1991 በቆየው የኢራቅ ወረራ፣ በኋላም በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ተቋርጦ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን እንደገና ተጀምሯል።

ሥልጠናው የሚጀምረው መርከቡ ከመነሣቱ ብዙ ቀን አስቀድሞ ነው። ወጣቶቹ የመርከቡን አካል በዘይት ይወለውላሉ፤ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ደግሞ በሞራና በኖራ ድብልቅ ይቀባሉ። ይህ ድብልቅ እንጨቱን ከሚቦረቡሩት የባሕር ትሎች ይጠብቃል። ገመድ ይፈትሻሉ፣ ሸራ ይሰፋሉ፣ ስንቅ ይጭናሉ። አሠልጣኞቻቸው ሥራውን ከቀደሙት የተቀበሉ ኖኸዛዎች ናቸው።

የመነሻው ቀን «ደሻ» ይባላል። ወጣቶቹ ከሳልሚያ ዳርቻ ቤተሰቦቻቸውን ተሰናብተው፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር አቅራቢያ ወደሚገኘው ኸይራን ይጓዛሉ። በዚያ መልህቅ ጥለው ለአንድ ሳምንት ያህል፣ አንዳንድ ዓመትም ከዚያ ለሚበልጡ ቀናት ይቆያሉ። በማለዳ ይነሣሉ፣ አብረው ይሰግዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ በየተራ ይጠልቃሉ፣ ገመድ ይስባሉ፣ ዛጎል ይከፍታሉ። ዛሬ የሕክምናና የደኅንነት ክትትል አለ፤ ማንም በዕዳ ተገዶ አይወርድም። የጠላቂና የሳቢ ግንኙነት ግን እንደ ድሮው ነው። ታች የወረደው ወጣት ላይ ያለውን ባልደረባውን ማመን አለበት፤ ላይ ያለውም ዓይኑን ከገመዱ መንቀል የለበትም።

ወቅቱ የኩዌት ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ነው። ከጁን መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጨረሻ ድረስ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከቤት ውጭ በፀሐይ ማሠራት በአገሪቱ የተከለከለውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሐሩር፣ ጥላ በሌለው መርከብ ላይ አራት ወር መቆየት ምን ማለት እንደነበር ወጣቶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረዱታል።

የመመለሻው ቀን «ቀፋል» ይባላል። መርከቦቹ ሸራቸውን ዘርግተው ወደ ሳልሚያ ሲቃረቡ ቤተሰቦች፣ ባለሥልጣናትና ተመልካቾች በዳርቻው ይሰበሰባሉ፤ የባሕር ዜማ የሚጫወቱ ቡድኖችም ይቀበሏቸዋል። ወጣቶቹ ከመርከብ ወርደው ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፤ የሰበሰቡትም ዕንቁ ይታያል።

ታሪኩን ማየት ለሚፈልጉ

ጉዞው በሌለበት ወቅት ታሪኩን የሚያስታውሱ ስፍራዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ይገኛሉ። በሳልሚያ በሚገኘው የሳይንስ ማዕከል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው «ፋትሕ አል-ኸይር» የተባለ እውነተኛ የእንጨት መርከብ ቆሞ ይታያል። በዓረቢያ ባሕረ ሰላጤ ጎዳና ላይ በሚገኘው የኩዌት ብሔራዊ ሙዚየም ቅጥር ግቢ ይታይ የነበረው «አል-ሙሀለብ» የተባለው ጥንታዊ መርከብ በወረራው ወቅት ተቃጥሏል፤ በኋላም አምሳያው ተሠርቶ በቦታው ተተክቷል። መርከቡ በአገሪቱ ኦፊሴላዊ ዓርማ ላይም አለ፤ በጭልፊቱ ክንፎች መካከል ሸራውን ዘርግቶ የሚታየው ቡም የተባለው መርከብ ነው።

የሳልሚያ ዳርቻ በዕረፍት ቀን ለመዘዋወር ክፍት ነው። አመሻሹ ላይ በባሕሩ ዳር የሚቀመጥ ሰው ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹ ፊት የሚዘረጋውን ውኃ ሲመለከት፣ ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው አቅጣጫ እያዩ የሚጠብቁ ሚስቶችና እናቶች እንደነበሩ ማሰብ ይችላል። ከሄዱት መካከል ዕዳውን ከፍሎ የተመለሰ ነበር፤ ዕዳው በመዝገብ ላይ እንዳለ የተመለሰም ነበር፤ ያልተመለሰም ነበር። በየዓመቱ መርከቦቹ ከዚህ ዳርቻ ሲነሡ የሚታሰቡት ሦስቱም ናቸው።